መስማትና ማድመጥ

የሰው ልጅ አዲስ መሣሪያ በእጁ ባስገባ ቍጥር አንድ አሮጌ ጥያቄ አብሮት ይገባል። ጥያቄውም፣ «ይህ ነገር እኔን ያገለግለኛልን፣ ወይስ እኔ እርሱን ላገለግል ነው?» የሚል ነው። ማረሻ ለጨበጠው ገበሬ፣ ብዕር ለቀረጸው ጸሓፊ፣ ሬዲዮ ለገዛው የከተማ ሰው ይኸው ጥያቄ በየተራው ቀርቦለታል። ዛሬ ደግሞ ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ መጽሐፉም፣ ፎቶግራፉም በአንድነት ተጠቃለው በመዳፍ በምትያዝ ስልክ ውስጥ ስለ ገቡ፣ ጥያቄው ከመቼውም ይልቅ ቀርቦ በየኪሳችን ያንኳኳል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን እንደ ሊቅ ልተረጕመው አልነሣም። ማለዳ አማትቦ ወደ ሥራው የሚሄድ፣ ማታም ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ተራ ክርስቲያን እንደ መሆኔ፣ በገዛ ቤቴ ከገጠመኝ ተነሥቼ ከአንባቢ ጋር ልመካከርበት እወዳለሁ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ዘወትር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን አዲስ ነገርን ሁሉ ይኰንናል። ስልኩ ወጥመድ ነው፤ ዘፈኑ ጥፋት ነው፤ ፊልሙ የነፍስ መርዝ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «መሣሪያ ማለት ቢላዋ ነው፤ ሽንኵርት የሚከትፍም አለ፣ ሰው የሚወጋም አለ፤ ጥፋቱ የያዢው እንጂ የቢላዋው አይደለም» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይዘጋዋል። ሁለቱም ፍርዶች ለተናጋሪው ዕረፍት ይሰጡታል። የመጀመሪያው ከመመርመር ያሳርፈዋል፤ ሁለተኛው ራሱን ከመጠርጠር ያሳርፈዋል። ነገር ግን ዕረፍት የሚሰጥ መልስ ሁሉ እውነተኛ መልስ አይደለም።

ኰናኙ ወገን የዘፍጥረትን አራተኛ ምዕራፍ ቢመለከት መልካም ነበር። በዚያ ስፍራ በገናና መሰንቆ ለሚይዙ ሁሉ አባት የተባለው ዩባል፣ ናስና ብረት ቀጥቃጭ የነበረውም ቱባልቃይን፣ ሁለቱም የላሜሕ ልጆች ሆነው ተጽፈዋል። ዜማና ብረት፣ ወይም በዛሬ ቋንቋ ሙዚቃና ቴክኖሎጂ፣ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። ያውም ቤቱ የቃየል ዘር ቤት ነው። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር በገናውን ስለ ትውልዱ አልጣለውም። ዳዊት በገና ደርድሮ የሳኦልን ጭንቀት ሲያስታግሥ እናነባለን፤ ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲያንጽ ናስ ሠሪውን ከጢሮስ አስመጣ። ስለዚህ አንድ ጥበብ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ወዴትስ ይወስደናል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የገዛ አገራችን ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ዜማን ለቤተ ክርስቲያናችን የሠራው ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነበረ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ለብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፉ ኖሩ። በኋላ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ የተባሉት በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ጽሕፈቶች ለዘመናቸው አዲስ መሣሪያ ነበሩ። ድምፅን በብራና ላይ ይዘው ያስቀራሉና። ሆኖም ምልክቱ መምህሩን አላስቀረውም። እስከ ዛሬ ድረስ ድጓ የሚማር ተማሪ ምልክቱን በዓይኑ እያየ፣ ዜማውን ግን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። መሣሪያው በመምህሩ እግር ሥር ተቀመጠ እንጂ በመምህሩ ወንበር ላይ አልወጣም።

ማተሚያ መኪናም እንደዚሁ ነው። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ቋንቋውን ተምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. በዚያው በሮም አሳተመው። በእኛው ዘመንም ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ቃለ እግዚአብሔርን በልዩ ልዩ ቋንቋ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ከዚያም አስቀድሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርጻ ለዳግማዊ ምኒልክ ልካ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓይነት መኪና ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ሰደዱላት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ድምፅ፣ ባለቤቱ ግን በስፍራው የለም። ያን ቀን በቤተ መንግሥት እንግዳ የነበረው ነገር ዛሬ በየሰዉ ቤት የዕለት እንጀራ ሆኗል፤ እንግዳነቱን ስለ ረሳነውም በዚህ ውስጥ ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚጐድል መጠየቁን ትተነዋል።

እኔም ትቼው ነበር። እንድጠይቅ ያስገደደችኝ እናቴ ናት።

እናቴ በመጨረሻ ዘመናቸው እግራቸው ስለ ከዳቸው ከእኔ ጋር ነበር የሚኖሩት። ዓይናቸውም ስለ ደከመ ዳዊታቸውን ማንበብ አልቻሉም። የደብሩ ደወል ከመኝታቸው ሆነው ይሰማቸዋል፤ መሄድ ግን የለም። ይህን ባየሁ ጊዜ በሚሞሪ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ገዝቼ፣ ቅዳሴውን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ ልዩ ልዩ መዝሙራትን፣ እንዲሁም ድምፀ መልካም የሆነ አንባቢ ያነበበውን መዝሙረ ዳዊት አስጭኜ በራስጌያቸው አኖርሁላቸው። እናቴም መረቁኝ። እኔም በልቤ፣ «የልጅነት ግዴታዬን በሚገባ ተወጣሁ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መኝታ ቤታቸው የምገባበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። በበሩ ሳልፍ ዜማው ሲሰማኝ፣ ብቻቸውን አለመሆናቸውን እንደሚነግረኝ ምስክር አድርጌ እቈጥረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን ዝጋውና ዳዊቱን አንተው አንብብልኝ» አሉኝ።

እኔም ግዕዙን እያንገዳገድሁ የማነብ ሰው ስለሆንሁ አፍሬ፣ «እማዬ፣ የእኔ ንባብ ከዚህ ሰው ንባብ ይሻላልን?» አልኋቸው።

«አይሻልም» አሉኝ። «ነገር ግን ይህ ሰው ሲያስለኝ አያቆምልኝም።»

ይህች አንዲት ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተማረችኝ። በሬዲዮው ውስጥ ያለው አንባቢ ከእኔ የተሻለ ድምፅ አለው፤ አይሳሳትም፤ አይደክምም፤ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለማይደክምም ደካማውን አይጠብቅም። እናቴ ሲያስሉ አንድ ስንኝ ያልፋቸዋል፤ ሲያለቅሱ ሁለት ስንኝ ያልፋቸዋል፤ እርሱ ግን ይሄዳል። እኔ ስሳሳት ያርሙኛል፤ ሲያስላቸው አቆማለሁ፤ «እዚህ ላይ ድገመው» ሲሉኝ እደግመዋለሁ። ያን ማታ አንድ ንጉሥ ዳዊት ለማንበብ ወትሮ ከሚወስደው እጥፍ ጊዜ ፈጀብን። ነገር ግን ጸሎት ከሆነ ጸሎት የሆነው ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ሁለተኛውን ትምህርት ከልጄ አገኘሁት። ልጄ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከጆሮው ማዳመጫ አይለይም። ይህንንም ልማዱን በየጊዜው እነቅፍበት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ብመለስ፣ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ በእርሳቸው ጆሮ፣ ሁለተኛውን በራሱ ጆሮ አግብቶ አገኘሁት። የሚሰሙት የጥላሁን ገሠሠን የቆየ ዘፈን ነበር። ቀኑም ዓርብ ነው። እኔም ተቈጥቼ፣ «አያትህን በዚህ ዕድሜያቸው ዘፈን ታሰማቸዋለህን?» ብዬ ጮኽሁበት።

እናቴ ግን እጃቸውን አንሥተው፣ «ተው፣ አትቈጣው» አሉኝ። «ይህ ዘፈን ሲወጣ እኔ ልጃገረድ ነበርሁ። ከአባትህ ጋርም የተጫጨነው በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ልጅ፣ ‹እማማ፣ ያን ጊዜ እንዴት ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ነገርሁት። አንተስ ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህን?»

መልስ አልነበረኝም፤ ጠይቄአቸው አላውቅምና።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች በሚዛን አስቀምጣቸው። አባት የተቀደሰ መዝሙር ትቶ ከክፍሉ ወጣ። ልጅ ዓለማዊ ዘፈን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ከሁለቱ ለእግዚአብሔር ትእዛዝ የቀረበው የትኛው ነው? አባትና እናትህን አክብር የሚለውን ቃል የፈጸመውስ ማን ነው? ይህን የምለው ዘፈኑ ከመዝሙሩ ይበልጣል ለማለት አይደለም። መዝሙሩ ቅዱስ ሆኖ ሳለ እኔ ከእርሱ ጀርባ እንደ ተሸሸግሁ ለመናዘዝ ነው።

መስማትና ማድመጥ ልዩ ልዩ ናቸው። መስማት የጆሮ ሥራ ነው፤ ለግድግዳም ጆሮ አለው ይባላልና። ማድመጥ ግን የልብ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ጊዜ፣ ያለ ድካም አይገኝም። ጧት ጧት በታክሲ ስሳፈር መዝሙር ይከፈታል። በአንዱ ማለዳ እንዲሁ ስለ ምሕረትና ስለ ይቅርታ የሚዘምር መዝሙር እየተሰማ ሳለ፣ ረዳቱ አንዲትን አሮጊት ስለ ጥቂት ሳንቲም ሲሰድባቸው አየሁ። ተሳፋሪው፣ እኔም ጭምር፣ ዝም አለ። መዝሙሩ ግን አላፈረም፤ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። መኪና አያፍርም። ማፈር የነበረብን እኛ ነን። ነቢዩ አሞጽ በእስራኤል ላይ የተቈጣው ዜማቸው ስለ ከፋ አይደለም፤ ዜማው እያማረ ፍርድ በመጓደሉና ድኻው በመረገጡ ነው እንጂ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር የማይሰማው መዝሙር ሊኖር እንደሚችል ተናገረ።

ማድመጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ትውፊት ያስብ። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በጦሩ ተመርኵዞ ቆሞ ነበር። ዜማው ልቡን ስለ ሰወረው የጦሩ ጫፍ በያሬድ እግር ላይ እንዳረፈ አላወቀም። ያሬድም መወጋቱን አላወቀም። ዜማው ካበቃ በኋላ ነው ሁለቱም ደሙን ያዩት። በዚያ ስፍራ ዘማሪም አድማጭም በአንድነት ራሳቸውን ረስተዋል። የዛሬው ሰው ግን ዜማውን ከፍቶ ራሱን አይረሳም፤ ዜማውን ይረሳዋል። ሒሳብ ሲሠራ፣ ሲነግድ፣ ሲጣላ ከበስተኋላው እንደ ዝናብ ድምፅ ይወርድለታል።

በዚህ ላይ የሂጶኑ ጳጳስ አውግስጢኖስ የጻፈውን ማስታወስ ይገባል። በኑዛዜው መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ማልቀሱን ከመሰከረ በኋላ፣ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ መዘመሩ ራሱ ልቡን ሲነካው ኀጢአት እንደ ሆነበት ይናገራል። ዜማውን ግን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አላለም። በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ቀረ። እኔም ከፈጣን ፍርድ ይልቅ ይህ ጭንቀት ለክርስቲያን የሚስማማው ይመስለኛል።

«እንግዲያስ ዘፈንና መዝሙር አንድ ናቸውን?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አይደሉም። ዝሙትን የሚያቈላምጥ፣ ስካርን የሚያወድስ፣ ወንድምን በወንድሙ ላይ የሚያነሣሣ ዘፈን አለ፤ እርሱን ሰምቶ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ይከብዳል። ነገር ግን አገርን፣ እናትን፣ የተለየ ወዳጅን የሚያስታውስ፣ ሰውን ሰው የሚያደርግ ዘፈንም አለ። በዚህ መካከል ደግሞ በስም ለመክፈል የሚያስቸግር ሥራ ይገኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በአውሮፓ ትምህርት ቀመሱ፤ በኋላም መንኵሰው ፒያኖ መጫወታቸውን ግን አልተዉም። የመጀመሪያ ሸክላቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በጀርመን ታተመ፤ ከሙዚቃቸው የሚገኘውም ገንዘብ ለችግረኞች ልጆች መርጃ ዋለ። በኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ለብዙ ዓመታት ኖረው፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው ቅዳሴ አይደለም፤ የጭፈራ ዘፈንም አይደለም። ነገር ግን ከጸሎት ቤት የወጣና ወደ ድኻ ቤት የገባ ዜማ ነው። ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚወስድ መጠየቅ ያስፈልጋል ያልሁት ስለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «መኪናው ለታመመና ለራቀ ሰው አይጠቅምምን?» ይለኛል። እጅግ ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የትንሣኤን በዓል ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ያ ባይኖር ኖሮ ያ ሌሊት ለብዙዎች ጨለማ በሆነ ነበር። በስደት አገር የሚኖር ወገንም በስልኩ የአገሩን ማሕሌት ሰምቶ ይጽናናል። ይህን ሁሉ የሚንቅ ሰው የተቸገረን ሰው አያውቅም። ነገር ግን መኪናውን እንደ መቋሚያ እንየው። መቋሚያ በሌሊት ማሕሌት ለደከመ ካህን ድጋፍ ነው፤ ተመርኵዞበት ይቆማል። ሆኖም መቋሚያውን በቅኔ ማሕሌቱ አቁሞ እርሱ ወደ ቤቱ ሄዶ የሚተኛ ካህን የለም። እኔ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነበር። ሬዲዮዋን በእናቴ ራስጌ አቁሜ እኔ ሄድሁ።

ቢላዋ ከያዢው በቀር ጥፋት የለበትም የሚለውንም ምሳሌ እንመርምር። ቢላዋ ሥራውን ሲጨርስ በመክተፊያው ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ «አንሣኝ» ብሎ አይጣራም። በዛሬ ስልኮች ያለው ትርኢት ግን እንዳያልቅ ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሲያበቃ ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል፤ ባለቤቶቹ ማስታወቂያ ሸጠው የሚያተርፉት እኛ በቈየንበት ልክ ነውና። ስለዚህ ገበያው የሚፈልገው ገንዘባችንን ብቻ አይደለም፤ ልባችንን የምናሳርፍበትን ጊዜ ነው። ጊዜውን የሰጠ ሰው ደግሞ ለእናቱ፣ ለልጁ፣ ለጸሎቱ የሚሰጠው ምን ይተርፈዋል?

ለዚህ የሚሆን መድኀኒት ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም ከበሮዋንና ጸናጽልዋን ታሳርፋለች። ከበሮው ኀጢአት ሆኖ አይደለም፤ በትንሣኤ ይመለሳልና። የተቀደሰውም መሣሪያ እንኳ ዝም የሚልበት ጊዜ እንዲኖረው ስለ ተገባ ነው። ከበሮ የሚጾም ከሆነ ስልክ ስለ ምን አይጾምም? ሥጋን በጾም ቀን የምንተወው ሥጋ ርኩስ ነው ብለን አይደለም፤ የሥጋ ባሪያ አለመሆናችንን ለማወቅ ነው። የጆሮና የዓይን ጾምም እንዲሁ ነው። መተው የሚችል ሰው ይጠቀምበት፤ መተው ያልቻለ ሰው ግን ማን ማንን እንደያዘ ራሱን ይጠይቅ።

እኔ ለራሴ ሦስት ጥያቄ አበጅቻለሁ። ይህ የምሰማውና የማየው ነገር ወደ ማን ያቀርበኛል? ማንንስ ያስረሳኛል? ሲዘጋ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እገኛለሁ? መዝሙርም ቢሆን፣ ዘፈንም ቢሆን፣ ፊልምም ቢሆን በእነዚህ ሦስት በሮች ይለፍ። ብዙ ጊዜ ጥያቄዎቹ የሚወቅሱት ዘፋኙን ሳይሆን እኔን ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ቈይተው ዐረፉ። በዚያ ክረምት ማታ ማታ ዳዊት አነበብሁላቸው፤ ስለ አባቴም ጠየቅኋቸው፤ ልጄም ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሰማ። የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ብዙ ነገር ሳይነግሩኝ ሄዱ። ሬዲዮዋን በሰፈራችን ለአልጋ ቍራኛ ለሆኑ አንድ አዛውንት ሰጠኋቸው። ደስ ብሏቸው ቀንና ሌሊት ያዳምጡባታል። እኔ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ወደ ቤታቸው ጎራ እላለሁ፤ ሬዲዮዋን ዘግቼ አንድ መዝሙር አነብላቸዋለሁ። ንባቤ ዛሬም አልተሻሻለም። ሲያስላቸው ግን አቆማለሁ።